ፖሊጀኒክ ስኮር፦ የዘረመል ድምር ነጥብ

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ፣ ትምህርት ላይ ቀልቡን መሰብሰብ የሚቸግረው፣ የጀመረውን የማይጨርስ፣ ተራው ሳይደርስ የሚመልስ ተማሪ «ሰነፍ» ወይም «ቀልበ ቢስ» ይባላል። ችግሩ ሲበረታና ሲቆይ ግን ሕክምናው የትኩረት ማነስና የቅብጥብጥነት ችግር (ኤ.ዲ.ኤች.ዲ.) ይለዋል። ስለ መነሻው በሚደረገው ምርምር በተደጋጋሚ የሚነሳው ቃል ፖሊጀኒክ ስኮር ነው። እዚህ «የዘረመል ድምር ነጥብ» ብለነዋል።

ምን ማለት ነው? ኤ.ዲ.ኤች.ዲ.ን ብቻውን የሚያመጣ አንድ ዘረመል የለም። በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የዘረመል ልዩነቶች እያንዳንዳቸው እጅግ አነስተኛ ድርሻ አላቸው፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ኃይላቸው በድምራቸው ነው። ተመራማሪዎች የእያንዳንዱን ልዩነት ክብደት ለክተው ሲደምሩ የአንድ ሰው ነጥብ ይገኛል። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በዚህ ችግር ረገድ በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት 74 በመቶ ያህሉ ከዘር ጋር ይያያዛል። ይህ የሕዝብ ስሌት ነው፤ «የአንዱ ልጅ ችግር 74 በመቶው በውርስ የመጣ ነው» ማለት አይደለም።

ከአንጎል ጋር ምን ያገናኘዋል? ዘረመል ባህርይን የሚቀርጸው በአንጎል በኩል ነው። አንድ ጎረምሳ የሚጠብቀው ምልክት ሲመጣ፣ ከሴኮንድ አንድ ሦስተኛ ገደማ በኋላ በጭንቅላቱ ላይ በተለጠፉ ኤሌክትሮዶች የሚመዘገብ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይነሳል። ችግሩ ባለባቸው ወጣቶች ይህ ሞገድ በአማካይ አነስ ብሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ደግሞ የአንጎላቸው ቅርፊት ውፍረት ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው በ10 ዓመት ተኩል ገደማ መሆኑን አሳይቷል፤ በሌሎች ልጆች ግን በ7 ዓመት ተኩል ነው። ዕድገቱ ይዘገያል እንጂ መንገዱ ተመሳሳይ ነው።

ነጥቡ ምን አይነግረንም? ዛሬ ባለው ዕውቀት ነጥቡ በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት የሚያስረዳው ጥቂት በመቶውን ብቻ ነው። የአንጎል ሞገዱም የቡድን አማካይ እንጂ የአንድን ልጅ ሕመም የሚለይ ምርመራ አይደለም። ከዚህም በላይ ነጥቡ የተቀመረው በአብዛኛው ከአውሮፓውያን የዘር ሐረግ በተሰበሰበ መረጃ ስለሆነ ለኢትዮጵያዊ ልጅ እንዳለ አይሠራም። ክፍተቱን ለመሙላት አፍሪካ ውስጥ መረጃ መሰብሰብ ያስፈልጋል፤ በስኪዞፍሬንያና በባይፖላር ሕመም ረገድ ኢትዮጵያ ከኬንያ፣ ከዩጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ኒውሮጋፕ በተባለው ጥናት ተሳትፋለች።

ወልቂጤና ቡታጅራ የሚገኙበት ጉራጌ ለዚህ ዓይነት የመረጃ ማሰባሰብ ሥራ እንግዳ አይደለም። የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1986 ተመሥርቶ ነዋሪውን በየጊዜው ሲከታተል ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮም ከ68 ሺህ በላይ አዋቂዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተዋል። በሶዶ ወረዳ ደግሞ የአእምሮ ሕክምና በጤና ጣቢያ ባለሙያዎች እንዲሰጥ ተሞክሮ ተሳክቷል። ይህ ልምድ ለታዳጊዎችም መድረስ አለበት።

እስከዚያው መምህርና ወላጅ የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው። ምልክቱ ከ12 ዓመት በፊት ጀምሯል? ቤትም ትምህርት ቤትም ይታያል? ከ6 ወር በላይ ቆይቷል? ልጁ በደንብ ይተኛል? ይበላል? ያያል፣ ይሰማል? ጫት ይቅማል? ሳትረብሽ በሐሳብ ጭልጥ የምትል ልጅም እንዳትዘነጋ፤ ዝም ስላለች ብቻ ብዙ ጊዜ ሳትታይ ታልፋለች። መልሶቹ ችግሩን የሚጠቁሙ ከሆነ ልጁን ወደ ጤና ባለሙያ መውሰድ ይገባል። ዱላና ስድብ የትኛውንም ዘረመል አይለውጡም፤ ሥራን በአጫጭር ክፍል ከፋፍሎ መስጠት፣ ከፊት መቀመጥና አፋጣኝ ማበረታቻ ግን ልጁን ዛሬውኑ ይረዱታል።