የዋይፋይ አየር በኖርዝ ዮርክ ፎቆች እንዴት እንደ ተከፋፈለ

በ1922 ራሱን የቻለ የገጠር ወረዳ ሆኖ የተቋቋመው፣ በ1979 ከተማ የተባለው፣ በ1998ም ወደ ቶሮንቶ የተጠቃለለው ኖርዝ ዮርክ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ) ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንደ ፍሌሚንግዶን ፓርክ ባሉት ሰፈሮቹ የኮንክሪት ፎቅ በፎቅ ላይ እየደረበ ሕዝቡን ሲያሰፍር፣ ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ በየቤቱ አንድ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ይተከላል ብሎ ያሰበ መሐንዲስ የነበረ አይመስለኝም። ነገር ግን ተተከለ፤ ስሙም ራውተር ነው።

ባለቤቱ የራውተሩን አድቫንስድ ሴቲንግ የሚባለውን የማስተካከያ ገጽ ለመክፈት 192.168 ብሎ የሚጀምረውን ቁጥር ሲጽፍ፣ ሊቃውንት የኢንተርኔት አድራሻ ተሟጦ እንዳያልቅ ሰግተው በ1996 ለግል መረብ ከለዩአቸው ቁጥሮች አንዱን መጥራቱ ነው፤ በአንድ ሕንጻ ያሉ ብዙ ቤቶች በዚሁ በአንድ ቁጥር ሲጠሩ የማይምታቱትም፣ ራውተሩ በደጅ ቆሞ የሚወጣውን መልእክት ሁሉ ኩባንያው በሰጠው የአደባባይ ቁጥር እየለወጠ ስለሚሰድድ ነው። ከዚያ በታች የምሥጢር ቁልፉ ይመጣል፤ የምሥጢር ጽሑፍ ሊቃውንት የሆኑት ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር በ1997 የወጣውን የዌፕን ድካም በ2001 ከገለጡ በኋላ፣ ደብሊው ፒ ኤ በ2003፣ ሁለተኛው በ2004፣ ሦስተኛውም በ2018 ተከታትለው ወጡ። ረጅሙን የይለፍ ቃል ሳይጽፉ መሣሪያን ከራውተሩ ጋራ የሚያገናኘው ደብሊው ፒ ኤስ ግን የሰነፎች በር ነው ብል ሐሜት አይሆንብኝም፤ ስምንት አሐዝ ያለው ቁጥሩ በሁለት ተከፍሎ ስለሚመረመር፣ ሌባው 11,000 ጊዜ ያህል ቢገምት እንደሚበቃው በ2011 ታውቋልና፣ መዝጋት ነው።

በዚያ ገጽ ካሉት ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን ቻናሉ፣ ማለት ራውተሩ የሚናገርበት የሞገድ ክፍል ነው። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን የማይክሮዌቭ ምድጃ ጭምር የሚሠራበትን የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ በ1985 ያለ ፈቃድ ለመገናኛ እንዲውል ከለቀቀ በኋላ፣ በሰሜን አሜሪካ ለዋይፋይ የተወሰኑት ቻናሎች 11 ሲሆኑ፣ እርስ በርሳቸው ሳይደራረቡ አብረው የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ በአንድ ፎቅ ከግራ ከቀኝ፣ ከላይ ከታች ያሉት ጎረቤቶች፣ አዲስ አበባ ካለች እናቱ ጋራ በምስል የሚነጋገረው ኢትዮጵያዊም ሳይቀር፣ እነዚህን ሦስቱን ይካፈላሉ። በአንድ ቻናል ያሉት መሣሪያዎች ከመናገራቸው በፊት ያደምጣሉና ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ባዶ መስሎት 3ን የሚመርጥ ሰው ግን በሁለት ማሳ ድንበር ላይ በሬውን እንደሚፈታ ገበሬ 1ንም 6ንም ያውካል።

መጨናነቁን ሸሽቶ ወደ 5 ጊጋኸርትዝ የሚሻገረውም ሕግ ይጠብቀዋል። ከኖርዝ ዮርክ በስተሰሜን በኪንግ ሲቲ እንዳለው ያሉት የአየር ጠባይ ራዳሮች ዝናቡንና በረዶውን የሚከታተሉት በዚያው ሞገድ አካባቢ ስለ ነበረ፣ ካናዳ ከ5600 እስከ 5650 ሜጋኸርትዝ ያለውን ለዋይፋይ ከልክላለች፤ በካናዳ ሕግ የተሠራው ራውተርም የቻናሎቹን ዝርዝር ሲያሳይ 120ን፣ 124ንና 128ን ትቶ ከ116 ወደ 132 ይዘልላል።