የጥቅስ ስህተት አያያዝ (በፕሮፖዛል)

የጥቅስ ስህተት አያያዝ ማለት አንድ ጸሐፊ የሌላን ሰነድ ቃል በቃል ሲጠቅስ በጥቅሱ ውስጥ ያገኘውን የሰዋስው ወይም የፊደል ስህተት የሚያስተናግድበት መንገድ ነው። ጥያቄው በተለይ ፕሮፖዛል ሲዘጋጅ ይነሣል፤ ተጫራቹ የደንበኛውን ቢጋር ወይም የጨረታ ሰነድ እየጠቀሰ ለየመስፈርቱ መልስ ይሰጣልና።

ችግሩ

እርማት ትርጉም ሊለውጥ ይችላል። ለምሳሌ «አቅራቢዎች ማሽኑን በ30 ቀን ውስጥ ተክሎ ያስረክባል» በሚል ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ ብዙ፣ ግሱ ነጠላ ነው። «አቅራቢው» ተብሎ ቢታረም ግዴታው የአንድ ድርጅት ይሆናል፤ «ተክለው ያስረክባሉ» ቢባል ግን በጋራ የሚሠሩ ድርጅቶችን ሊያመለክት ይችላል።

ዘዴዎች

* እንዳለ መጥቀስ፦ ግዴታን፣ መጠንን፣ ቀንንና ዋጋን የሚመለከት ሐረግ ሳይነካ ይገለበጣል።
* ምልክት ማድረግ፦ ከስህተቱ ቀጥሎ በቅንፍ [እንዳለ] ይጻፋል። በላቲን ልማድ ይህ «ሲክ» ይባላል፤ ትርጉሙም «እንዲህ» ነው። ደንበኛውን የሚነቅፍ ሊመስል ስለሚችል በፕሮፖዛል ውስጥ በቁጠባ ይሠራበታል።
* በራስ ቃል መግለጽ፦ የጥቅሱ ቃላት ወሳኝ ካልሆኑ ሐሳቡ ያለ ትምህርተ ጥቅስ ይጻፋል።
* ማብራሪያ መጠየቅ፦ ስህተቱ ሁለት ትርጉም ከሰጠ ደንበኛው በጽሑፍ ይጠየቃል። በመንግሥት ግዥ መልሱ ሰነዱን ለወሰዱ ተጫራቾች ሁሉ ይላካል።

በአማርኛ ጽሑፍ

በአማርኛ የፊደል ልዩነት ሁሉ ስህተት አይደለም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ዛሬ በአማርኛ በድምፅ አይለያዩም፤ «ሥራ» እና «ስራ» ሁለቱም በሰፊው ይጻፋሉ። ስለዚህ የደንበኛው ምርጫ በጥቅስ ውስጥ አይለወጥም። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ 3.0 ሲካተት እነዚህ ፊደላት የየራሳቸው ቁጥር ስለተሰጣቸው በኮምፒውተር «ሥራ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ስራ»ን ላያገኝ ይችላል። ጥቅሱ በፊደል ከተለወጠ ገምጋሚው ከዋናው ሰነድ ጋር ለማመሳከር ይቸገራል።

ስሞች

ስም አይታረም፤ የድርጅት ስም በንግድ ፈቃዱ ላይ እንደሰፈረ ይገለበጣል። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች በበዙበት በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ችግሩ ጎልቶ ይታያል። «ቃሊቲ» በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መጨረሻው አንድ ጊዜ በዋይ፣ ሌላ ጊዜ በአይ ፊደል ይሆናል። የተለመደው መፍትሔ በጥቅስ ውስጥ የደንበኛውን አጻጻፍ መጠበቅ፣ በራስ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መጠቀም ነው።