ቤትም ታሪክ ይናገራል፦ የአሜሪካው ባንጋሎ

ታሪክ ስናስተምር ዘወትር የምናነሣው ነገሥታትንና ጦርነቶችን ነው። ይሁን እንጂ ተራው ሰው የኖረበት ቤትም እንደ ጽሑፍ ሰነድ ሊነበብ ይችላል። ለዚህም በአሜሪካ «ባንጋሎ» የሚባለውን መኖሪያ ቤት ምሳሌ አድርገን እንመልከት። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቃሉ የመጣው ከህንድ ሲሆን «የቤንጋል» ማለት ነው። የቤንጋል ገበሬዎች ይሠሩት የነበረውን ዝቅተኛ ቤት እንግሊዞች ለሹማምንቶቻቸው በሚስማማ መልክ ወሰዱት፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማም አሜሪካ ደረሰ።

ባንጋሎ ፎቅ የለውም፤ ቢኖረውም ከጣራው ሥር የተሠራ ግማሽ ፎቅ ብቻ ነው። ጣራው ዝቅ ብሎ የተዘረጋ፣ ክፈፉም ሰፊ ስለሆነ ፀሐይና ዝናብ ይከላከላል። ከፊቱ በረንዳ አለው። ሳሎኑና የመመገቢያው ክፍል በቀጥታ ይገናኛሉ። መደርደሪያውና ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ጋር ስለሚሠሩ የዕቃ ወጪ ይቀንሳሉ።

በ1908 ግሪን የተባሉት ወንድማማች አርኪቴክቶች በካሊፎርኒያ፣ በፓሳዴና ከተማ፣ በሳሙና ንግድ ለበለጸገ ቤተሰብ በዚህ ስልት ታላቅ የእንጨት ቤት መሥራት ጀመሩ። በዚያው ዓመት ግን ሲርስ የተባለው ኩባንያ ቤትን በካታሎግ መሸጥ ጀመረ። ገዢው በፖስታ ያዝዛል፤ እንጨቱ፣ ምስማሩና ፕላኑ በባቡር ይደርሰዋል። እስከ 1940 ድረስ ባንጋሎን ጨምሮ 70 ሺህ ያህል ቤቶች እንደተሸጡ ይገመታል። በሺካጎም ከ1910 እስከ 1940 ባለው ጊዜ 80 ሺህ ያህል የጡብ ባንጋሎዎች ተሠሩ። ሠራተኛውና ከውጭ አገር የመጣው ስደተኛ ከኪራይ ወጥቶ የራሱ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። የባንጋሎ ተወዳጅነት ምሥጢሩ ይህ ነው።

ነገር ግን በሩ ለሁሉም አልተከፈተም። በብዙ ሰፈሮች የቤቱ ውል ራሱ ጥቁሮች እንዳይገዙና እንዳይኖሩ ይከለክል ነበር። በ1948 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ማስፈጸም እንደማይችሉ ወሰነ። በቤት ሽያጭና ኪራይ የዘር ልዩነት ማድረግ በሕግ የታገደው ደግሞ በ1968 ነው።

እንግዲህ አንድን ቤት ስናይ ማማሩን ብቻ ሳይሆን ማን እንደሠራው፣ ማን እንደገባበትና ማን ከደጅ እንደቀረ መጠየቅ ይገባናል። ተማሪዎቻችንም በየሰፈራቸው አንድ ቤት መርጠው እነዚህኑ ጥያቄዎች ይጠይቁ፤ መልሱንም ከሽማግሌዎች ሰምተው ይጻፉ። ያን ጊዜ የታሪክ ትምህርት ከደጃፋቸው ይጀምራል።