ሠላሳ አራት ዓመት የኖረው የቼሎ በሽታ

ግንቦት 3 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአድማና በሰልፍ ወሬ ትታመስ ነበር። በዚያው ዕለት ለንደን ላይ የታተመው ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የተባለ የሐኪሞች መጽሔት ደግሞ በደብዳቤዎች ዓምዱ ስለ አንድ ቼሎ ተጫዋች ቆለጥ መቁሰል የምታወራ አጭር ደብዳቤ ይዞ ወጣ። ደብዳቤዋ ውሸት ነበረች። ውሸትነቷ እስኪታወቅ ግን ደርግ መጥቶ ሄደ፣ ኢሕአዴግ ገባ፣ ሚሌኒየሙም ተከበረ።

ነገሩን የጀመረው ጊታር ነው። ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ዶክተር ከርቲስ የተባሉ ሐኪም ክላሲካል ጊታር የሚማሩ ሦስት ልጃገረዶች አንደኛው ጡታቸው ጫፉ አካባቢ ተቆጥቶ እንዳዩ፣ ሰበቡም ደረታቸውን የሚጫነው የጊታሩ ጠርዝ እንደሆነ ለመጽሔቱ ጽፈው ነበር። ኢሌን መርፊ የተባሉ ወጣት ሐኪምና ባለቤታቸው ጆን ይህን ሲያነቡ ቀልድ መሰላቸው። እንግዲያው እኛም አናንስም ብለው፣ በየቀኑ ለሰዓታት የሚጫወት አንድ ሙዚቀኛ ከቼሎው አካል ጋር በመተሻሸት «የቼሎ ቆለጥ» የሚባል ሕመም እንዳገኘው ፈጥረው በጆን ስም ላኩ። መጽሔቱም ሳያላምጥ አተመው።

ቼሎ ሲጫወቱ ያየ ሰው ነገሩ እንደማይሆን ወዲያው ይገባዋል። ተጫዋቹ ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ የመሣሪያው ጀርባ ደረቱ ላይ ይደገፋል፣ ጎንና ጎኑን ጉልበቶቹ ይይዙታል፣ ሥሩ ደግሞ በሾለ ዘንግ ወለል ላይ ይቆማል። እንጨቱ ወደተባለው ቦታ ምን ሊሠራ ይሄዳል? ሐኪሞቹ ግን ስለ ሙዚቀኞች ሕመም በጻፉ ቁጥር እየተቀባበሉ ጠቀሱት። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች መጽሔት ላይ ጥርጣሬ ቢነሣም በሽታው ከመጠቀስ አልዳነም። ያው የለንደኑ መጽሔት በ2008 የገና እትሙ ጉዳዩን ሲያነሣው ነው ባልና ሚስቱ ከዚህ በላይ ዝም ማለት ያቃታቸው። ኢሌን መርፊ ያን ጊዜ ባሮነስ ተብለው የእንግሊዝ የላይኛው ምክር ቤት አባል ሆነዋል። በ2009 መጀመሪያ ላይ ለመጽሔቱ ጽፈው ተናዘዙ፤ ዓለምም ሳቀ።

የጊታሩስ? ባልና ሚስቱ እሱንም ፈጠራ ነው ብለው ጠርጥረውታል። እኔ ለዶክተር ከርቲስ አደላለሁ። ጠንካራ ጠርዝ ለስላሳ ገላ ላይ ሲመላለስ ማቁሰሉ ምን ይገርማል? ብዙ የቫዮሊን ተጫዋቾች መንጋጋቸው ሥር ጠባሳ የመሰለ ምልክት ይዘው ይዞራሉ።

በሳቁ መሃል የተረሳው እንጨቱ ራሱ ነው። ሮዝውድ የሚባሉት የዳልበርጂያ ወገን እንጨቶች ኩዊኖን የተባሉ ውሕዶች አሏቸው። እነዚህን ላብና ምራቅ ሲያሟሟቸው ቆዳ ውስጥ ይገባሉ፤ ሰውነት አንዴ ጠላት ብሎ ከመዘገባቸው በኋላ፣ በነካ በቀን በሁለት ቀኑ ማሳከክና ማበጥ ይከተላል። ቫዮሊኒስቱን አገጩን በሚያሳርፍባት እንጨት በኩል፣ ሪኮርደር የሚባለውን ዋሽንት የሚነፋውን በከንፈሩ በኩል ያገኙታል። ለእነዚህ መላ አይጠፋም፤ እንጨቱን መቀየር፣ ጨርቅ ጣል ማድረግ ወይም ፕላስቲክ መያዝ ይቻላል።

ሠሪው ግን የት ይሄዳል? ኮኮቦሎ የሚባለውን የመካከለኛው አሜሪካ እንጨት የሚጠርብ ሰው ሰጋቱራው ብርቱካንማ ሆኖ እጁን ያቀልመዋል፤ ሽታው ደስ ይላል፤ ዓመታት ያለ ችግር ሠርቶ አንድ ጠዋት ዓይኑ አብጦ ይነሣል። ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም ብዮርን ሃውዘን በዚህ ጉዳይ ዕድሜያቸውን ጨርሰዋል ማለት ይቻላል። ሰውን የሚጎዱ እንጨቶችን የዘረዘሩበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1981 ወጣ፤ በ1990 ደግሞ ከባልደረባቸው ጋር የቫዮሊን ቀስት ሠሪዎችን ሕመም በስሙ ጠርተው ጻፉ። ቀስት ሠሪዎቹ ግን የቼሎውን ቆለጥ ያህል ወሬኛ አላገኙም።

አሁን ወዳለንበት ዘመን ስንመጣ ነገሩ ተወሳስቧል። ሊጠፉ የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይቲስ ስምምነት ከጃንዋሪ 2017 ጀምሮ መላውን የዳልበርጂያ ወገን ቁጥጥር ውስጥ አስገባ። ፌንደርን የመሳሰሉ ጊታር አምራቾች በአንዳንድ ጊታሮቻቸው አንገት ላይ ሮዝውዱን በፓው ፌሮ ተኩ። ፓው ፌሮ ደግሞ አለርጂ በማስነሣት ከሚታወቁት እንጨቶች ከቀንደኞቹ አንዱ ነው፤ ድሮም የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሠራተኞችን ያሳከከ። ያለቀለትን ጊታር የሚጫወት ሰው እምብዛም ላይሰማው ይችላል፤ እንጨቱን በመጋዝ የሚቆርጠው ሰው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በ2019 ያለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች ከቁጥጥሩ እንዲወጡ ተወሰነ።

ክላርኔት የሚሠራበት ጥቁር እንጨትም የዚሁ ወገን ነው። ገበያው የሚያውቀው የታንዛኒያንና የሞዛምቢክን ነው እንጂ ዛፉ በእኛም በመተማና በሁመራ ቆላ ይበቅላል። ክራርና በገና የሚጠርቡ የአዲስ አበባ ልጆች እጅ ላይ ብዙ ጊዜ ያለው ግን ዋንዛ ነው። ቢሆንም ከኮቪድ ዘመን የተረፈ ማስክ ካላቸው በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትጉ ቢያጠልቁት አይከፋም።