ወደ መናገሻ ሱባ ደን የአንድ ቀን የእግር ጉዞ፦ ከመነሻ እስከ መመለሻ

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን በአገራችን ረጅም የጥበቃ ታሪክ ካላቸው ደኖች አንዱ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት፣ የጥድ ዘር ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን መጥቶ በስፍራው እንደተተከለ ይነገራል። ዛሬ ደኑን ለማየትና ከከፍታው ላይ አካባቢውን ለመቃኘት የሚሄዱ የከተማ ነዋሪዎች ብዙዎች ናቸው። ጉዞው መጠነኛ ጥረት የሚጠይቅና በአንድ ቀን የሚጠናቀቅ ቢሆንም ያለ ዝግጅት የሚጀመር አይደለም።

የስፍራው ገጽታ

ወጨጫ ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነው የእሳተ ገሞራ ተራራ ሲሆን፣ ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 3,385 ሜትር ይደርሳል። በታችኛው የደኑ ክፍል ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ይበዛሉ። ከፍ እየተባለ ሲሄድ ኮሶ፣ ከዚያም አስታ ይተካሉ። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ የደኑ ነዋሪዎች ናቸው። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን ከላይ ሆኖ በምሥራቅ አዲስ አበባን፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ የበቾን ሜዳ ማየት ይቻላል።

ወደ ስፍራው የሚወስዱት ሁለት አቅጣጫዎች ናቸው፦ አንደኛው የጅማን መንገድ ይዞ በሰበታ በኩል፣ ሁለተኛው በአምቦ መንገድ በኩል። በሁለቱም ከአስፋልቱ ወጥቶ በጥርጊያ መንገድ መጓዝ ስለሚያስፈልግ፣ ዝናብ በጣለ ማግስት ትንንሽ ተሽከርካሪዎች በጭቃ ሊያዙ ይችላሉ።

ወቅትና ሰዓት

ለጉዞው የተመቸው ጊዜ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው የበጋ ወቅት ነው። በክረምት መንገዱ ያንሸራትታል፤ ጭጋጉም እይታን ይጋርዳል።

የጉዞን ሰዓት አስቀድሞ ለመገመት ቀላል ስሌት አለ። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ይያዛል። ለምሳሌ 5 ኪሎ ሜትር ርቆ በ600 ሜትር ከፍ ያለ ስፍራ ለመድረስ 2 ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። አየሩ ሳሳ ባለበት ከፍታ፣ ሕፃናትና አዛውንት ባሉበት ቡድን ግን 3 ሰዓት መያዝ ይሻላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተነሣ ቡድን 6 ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ አንድ ሰዓት አርፎ ቁልቁለቱን በ2 ሰዓት ቢወርድ 9 ሰዓት ላይ ከመነሻው ይገኛል። ፀሐይ እስክትጠልቅ የሚተርፈው ጊዜ መንገድ ለሚስት ወይም እግሩ ለሚወለም ሰው መጠባበቂያ ነው። እስከ 7 ሰዓት ድረስ ከታሰበው ቦታ ያልደረሰ ቡድን ከነበረበት መመለስ ይገባዋል።

የሚያዙ ነገሮች

ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 2 ሊትር ውኃ፣ እንደ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ያለ የማይበላሽ ስንቅ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ባትሪና የቁስል ማሰሪያ ያስፈልጋሉ። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀንስ ሹራብ አይረሳም። ሳማ ስለሚያጋጥም ረጅም ሱሪ ይመረጣል።

ጥንቃቄ

ከጉዞው በፊት ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ጸጥታ የወረዳውን አስተዳደርና የደኑን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ግድ ነው። ጉዞው በቡድን፣ በተለይም መንገዱን ከሚያውቅ የአካባቢው ሰው ጋር ቢሆን ይመረጣል። በሸለቆዎች ውስጥ የስልክ አገልግሎት ሊቋረጥ ስለሚችል፣ መሄጃውንና የመመለሻውን ሰዓት ለቤተሰብ ነግሮ መውጣት ይገባል። ነጎድጓድ ሲሰማ ከጫፉ ፈጥኖ መውረድ እንጂ ለብቻው ከቆመ ረጅም ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ነው። ራሱን የሚያመው፣ የሚያቅለሸልሸውና የሚያዞረው ሰው መውጣቱን አቁሞ ወደ ታች መውረድ አለበት።

ደኑና አርሶ አደሩ

መንገዱ ከደኑ በፊት በአርሶ አደሮች ማሳ መካከል ያልፋል። የጉዞው ወቅት ሰብል የሚደርስበትና የሚወቃበት ጊዜ በመሆኑ፣ አቋራጭ ፍለጋ እህል መርገጥ የዓመት ልፋትን ማበላሸት ነው። ሜዳ ላይ የተጣለ ፌስታል ከሣር ጋር ተቀላቅሎ ከብት ቢበላው ሆዱን ዘግቶ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ቆሻሻ ሁሉ በመጣበት ቦርሳ መመለስ አለበት። በበጋ አስታውና ደረቁ ሣር በቀላሉ ስለሚቀጣጠሉ እሳት ማንደድም ሆነ የሲጋራ ቁራጭ መጣል ፈጽሞ አይገባም። ጥድ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ በአንድ ቀን ቃጠሎ የጠፋውን በአንድ ሰው ዕድሜ መልሶ ማግኘት አይቻልም።

በአንጻሩ በሥርዓት የሚመጣ እንግዳ ለአካባቢው ጥቅም አለው። መንገድ መምራት፣ ፈረስና በቅሎ ማከራየት፣ እንጀራና ወተት ማቅረብ ለደኑ አጎራባች ቤተሰቦች ተጨማሪ ገቢ ይሆናል። ክፍያውን ከመነሻው መስማማት በኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ሁለቱንም ወገኖች ያድናል።