የፈተና ሚዛን



በአዲስ ከተማ፥ በመርካቶ የሚገበያይ ሰው ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው ከሚዛኑ ላይ ነው። እህሉ ምንም ያማረ ቢሆን ሚዛኑ ከጎደለ ገዥው ተበድሏልና። ፈተናም የዕውቀት ሚዛን ነው።

ይህን ሚዛን ማጉደል ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በቻይና ነገሥታት ዘመን ለመንግሥት ሹመት የሚወዳደሩ ሰዎች በር ላይ ተፈትሸው ለየብቻቸው በጠባብ ክፍል ይፈተኑ ነበር፤ እንዲህም ሆኖ በልብሳቸው ላይ በደቂቅ ፊደል ጽፈው የሚገቡ አልጠፉም።

በአገራችንም በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አስቀድሞ ስለ ወጣ ተሰርዞ በሐምሌ እንደገና ተሰጠ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ተፈታኞቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው፥ ስልክ ሳይዙ፥ እዚያው እያደሩ ተፈተኑ። ውጤቱ በጥር ሲገለጥ የነጥቡን ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶው 3.3 ብቻ ሆኑ። ቍጥሩ ያስደነግጣል፤ ዳሩ ግን የቀና ሚዛን የማስተማሩንም ጉድለት ሳይሸሽግ ያሳያል። በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች ነጥብ ለጎደላቸው ብዙ ተማሪዎች የማካካሻ ትምህርት ከፈቱ፤ በሐምሌም ለተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ተጀመረ።

በጎደለ ሚዛን የሚጎዳው አንድ ገዥ ነው። በተሰረቀ ፈተና ሐኪም ወይም መሐንዲስ የሆነ ሰው ግን ብዙ ሕዝብ ይጎዳል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚበደለው ሌሊቱን ሲያጠና አድሮ ወንበሩን የተነጠቀው ልጅ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የምስክር ወረቀት የምንቀበል ሁሉ ይህን ልጅ እናስበው።