ከምንጩ የተቀዳ ሞተር

እስቲ ጠጋ በሉ፣ አንድ ወግ ላውጋችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው እንደ ፈረንጆቹ በ2003 ነው። በዚያ ዘመን ስሪዲ ጌም ልሥራ ብሎ የተነሣ ሰው ሲ ፕላስ ፕላስ ይማር ነበር። ጃቫን ግን ለቢሮ ሥራ ትሁን እንጂ ለጌም ቀርፋፋ ናት የሚሏት ብዙ ነበሩ። ማርክ ፓውል የተባለ ፕሮግራመር ታዲያ ዴቪድ ኤበርሊ ስለ ጌም ኢንጂን ንድፍ የጻፈውን መጽሐፍ አነበበ። መጽሐፉ የሚያስተምረው በሲ ፕላስ ፕላስ ነው። ሰውየው ያንኑ በጃቫ መሥራት ይቻል እንደሆነ ሊያይ ፈለገ፣ በትርፍ ሰዓቱም ጀመረው። ጄመንኪኢንጂን የሚባለው የጌም ሞተር እንዲህ ተወለደ።

ሥራው አደገ፣ ረዳቶችም መጡ። ከዚያ ክፉ ቀን ደረሰ፦ በ2008 ከዋነኞቹ ሠሪዎች አንዱ የነበረው ጆሹዋ ስላክ ከሥራው ራቀ። እዚህ ላይ ልቁምና አንድ ነገር ልበል። ሞተሩ አንድ ኩባንያ ቆልፎ የያዘው ቢሆን ኖሮ ወጋችን እዚህ ባለቀ ነበር። ምንጭ ኮዱ ግን በቢኤስዲ ፈቃድ በሁሉም እጅ ነበር። በ2009 ኪሪል ቫይነር ሦስተኛውን ትውልድ መጻፍ ጀመረ፤ 3.0 የተባለው የተረጋጋ እትም በ2014 ወጣ። ጀማሪዎችን፣ የተሰናዳውን ከማውረዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ከምንጭ ኮዱ ገንቡት ብዬ የምወተውተው ለዚህ ነው። ሞተሩን ከሞት ያተረፈው በር ለእናንተም ክፍት ነውና ግቡበት።

እንግዲህ እንግባ። መጀመሪያ ጄዲኬ ጫኑ፤ ጃቫ ማስኬጃው ብቻ አይበቃም፣ ኮምፓይለሩ ያለው ጄዲኬው ውስጥ ነው። ቀጥሎ ኮዱን በጊት ክሎን አድርጉ። የፕሮጀክቱ የዓመታት ታሪክ አብሮ ስለሚወርድ ይቆያል፤ ኢንተርኔቱ ደካማ ለሆነበት የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ የሚያወርድ አማራጭ ጊት ራሱ አለው። ከዚያ ተርሚናል ከፍታችሁ፣ ግራድል የሚባለውን የግንባታ መሣሪያ የሚያስነሣውን ራፐር «ቢልድ» በሉት። ግራድልን ቀድማችሁ አትጫኑ፤ ራፐሩ ለፕሮጀክቱ የሚስማማውን እትም ራሱ ያመጣል።

አሁን ሰው የሚደናገርበት ቦታ ደረስን። ጃቫ ብቻዋን ግራፊክስ ካርዱ ዘንድ አትደርስም። ኤልደብሊውጄጂኤል የሚባል ላይብረሪ በመካከል ቆሞ ካርዱን ከሚያዝበት ከኦፕንጂኤል ጋር ያገናኛታል፤ በጃቫ የተሠራው ማይንክራፍትም የሚጠቀመው ይህንኑ ላይብረሪ ነው። የላይብረሪው ከፊል ለእያንዳንዱ ማሽን ለብቻ የሚዘጋጅ ነው፦ ለዊንዶውስ ሌላ፣ ለሊኑክስ ሌላ፣ ለማክ ሌላ። በሞተሩ ውስጥ ያሉ እንዲህ ዓይነት ክፍሎችን በገዛ ማሽናችሁ ኮምፓይል ላድርግ ካላችሁ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ያስፈልጋችኋል። የግራድል ማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ ይህን የሚያበራና የሚያጠፋ አንድ መስመር አለ። ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ሲጠፋ ተሠርቶ ያለቀው ይወርዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ አትንኩት፣ ጃቫውን ስትጨርሱ ትመለሱበታላችሁ።

ግንባታው አለቀ እንበል። «ራን» ስትሉት የምሳሌዎች ዝርዝር ይከፈታል። ሄሎጄኤምኢ3 የሚለውን ምረጡ፤ ጥቁር መስኮት ላይ ሰማያዊ ኪዩብ ይመጣል። ማክ ያላችሁ፣ በአዲሱ ኤልደብሊውጄጂኤል ላይ ስትሠሩ መስኮቱ እምቢ ካለ አትደንግጡ፤ ማክ መስኮት የሚያስከፍተው ለመጀመሪያው ትሬድ ብቻ ስለሆነ፣ ጃቫን ስታስነሡ በዚያው ትሬድ ጀምሪ የሚል ትእዛዝ መጨመር ያስፈልጋል።

ብዙው ሰው ኪዩቡን አይቶ ይነሣል። እናንተ ግን አትነሡ። ደብሊው፣ ኤ፣ ኤስ፣ ዲን ተጭናችሁ በኪዩቡ ዙሪያ ስትዞሩ ካሜራው እንደሚያዘግም ታያላችሁ። ኮር በሚባለው የሞተሩ ዋና ክፍል ውስጥ ሲምፕልአፕሊኬሽን የሚባለውን ፋይል ክፈቱ፤ የካሜራው የእንቅስቃሴ ፍጥነት 1 ተብሎ ተጽፏል። 10 አድርጉትና እንደገና ገንቡ። ግራድል ከተለወጠው ጋር የማይነካካውን ስለማይደግም ሁለተኛው ዙር ያጥራል። ካሜራው አሁን ይሮጣል፤ ያሮጠው ደግሞ በሞተሩ ሆድ ውስጥ እናንተ የጻፋችሁት ቁጥር ነው። ቀጥሎ እዚያው ኮር ውስጥ ፍላይባይካሜራ የሚባለውን ፋይል ከፍታችሁ፣ አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ካሜራው ቦታውን እንዴት እንደሚያሰላ አንብቡ።